ያውቁ ኖሯል? ሶኬት ያላየው ብሉዝ

ብሉዝ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ቢ ቢ ኪንግ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ቋጥሮ፣ አንዲቱን ክር ሲያስጮኻት። ምስሉ ውሸት የለበትም፤ ዘግይቶ የመጣ ነው እንጂ። ብሉዝ በሸክላ መታተም ከጀመረ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 18 ዓመታት ገደማ ያለዚያ ጊታር ነው ያለፉት። ያኔ ብሉዝ በፒያኖ ተዘፍኗል፣ በቫዮሊን ተዘፍኗል፣ በውስኪ ገንቦ፣ በልብስ ማጠቢያ፣ በሸምበቆ፣ ሲብስም በመጥረቢያ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልንና እንቀጥል።

✦ በጥቁር አሜሪካዊት ድምፃዊት ተዘፍኖ በሸክላ የወጣው የመጀመሪያው ብሉዝ ውስጥ ጊታር እንደሌለ ያውቁ ኖሯል? ዘፋኟ ማሚ ስሚዝ፣ ዘፈኑ «ክሬዚ ብሉዝ»፣ ቀኑ ኦገስት 10 ቀን 1920፣ ቦታው ኒው ዮርክ። ከኋላዋ ኮርኔት፣ ትሮምቦን፣ ክላርኔት፣ ቫዮሊንና ፒያኖ ነበሩ። ማሚ ደግሞ ከሚሲሲፒ የጥጥ ማሳ የመጣች ሳትሆን የሲንሲናቲ ከተማ ልጅ፣ ያውም በመድረክ ያደገች ሰው ናት። ደራሲው ፔሪ ብራድፎርድ ጥቁር ድምፃዊት እንዲቀዱለት የኩባንያዎችን በር ሲያንኳኳ ከርሟል፤ ኩባንያዎቹ ጥቁር ሕዝብ ሸክላ ይገዛል ብለው አያስቡም ነበርና። በመጨረሻ ኦኬ የተባለው ኩባንያ እሺ አለ። በመጀመሪያው ወር ብቻ 75,000 ቅጂ እንደተሸጠ ይነገራል። የባቡር አስተናጋጆች ሸክላውን ከሰሜን ከተሞች እየገዙ ወደ ደቡብ ያወርዱትና አትርፈው ይሸጡት ነበር።

✦ ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የሴቶች ናቸው። ጊታር ለብቻው ብሉዝ ሲጫወት በሸክላ የተሰማው በ1923 መገባደጃ ላይ ነው፤ ተጫዋቹ የሉዊቪሉ ሲልቬስተር ዊቨር። ራሱን እያጀበ የዘፈነና ገበያ የቀናው የመጀመሪያው ወንድ ደግሞ ፓፓ ቻርሊ ጃክሰን ነው፤ በ1924 ብቅ ሲል በእጁ የያዘው ስድስት ክር ያለው ባንጆ ነበር። የጊታሩ ጌታ ብላይንድ ሌመን ጀፈርሰን የመጣው በ1926 ነው። «ብሉዝ ማለት አንድ ሽማግሌ ከነጊታሩ በረንዳ ላይ» የሚለውን ሥዕል ለለመደ ሰው ቅደም ተከተሉ ግራ ያጋባል።

✦ «የብሉዝ እናት» የምትባለው ማ ሬይኒ መድረክ ላይ የምትወጣው ከግራሞፎን ውስጥ ነበር። ቀልድ አይደለም። መጋረጃው ሲገለጥ ሕዝቡ የሚያየው ሰው የሚያክል ትልቅ ግራሞፎን ብቻ ነው። ከውስጡ ድምፅ ይሰማል፤ ሰው ሁሉ ሸክላ የሚሰማ ይመስለዋል። ከዚያ በሩ ይከፈትና ማ ሬይኒ በወርቅ ሳንቲሞች የተሠራ ሐብሏን አንጠልጥላ፣ እየዘፈነች ትወጣለች። ይህን የተረከው ፒያኒስቷ ቶማስ ዶርሲ ነው።

✦ የዚህ የዶርሲ ነገርም ለብቻው ይነገር። «ጆርጂያ ቶም» በሚል ስም ባለጌ ባለጌ ግጥም ያላቸውን ብሉዞች ሲቀዳ የነበረ ሰው ነው። በ1932 ባለቤቱ በወሊድ ሞተችበት፤ ሕፃኑም ተከተላት። ከዚያ ሐዘን «ቴክ ማይ ሃንድ፣ ፕሬሸስ ሎርድ» የሚለውን መዝሙር ጻፈ። ዛሬ በአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት የሚታወቀው «የጎስፔል አባት» ተብሎ ነው።

✦ ሎቪ ኦስቲን የምትባል ሴት ፒያኒስት ነበረች፤ የፓራማውንት ኩባንያ የብዙ ብሉዝ ሸክላዎች ጀርባ እሷ ናት። ታላቋ የጃዝ ፒያኒስት ሜሪ ሉ ዊልያምስ ልጅ ሳለች ፒትስበርግ ቲያትር ቤት ውስጥ አይታታለች። ሎቪ እግሯን አነባብራ፣ ሲጋራዋን አፏ ላይ ሰክታ፣ ቡድኑን ትመራለች፤ በግራ እጇ ፒያኖውን እየመታች በቀኝ እጇ ለሚቀጥለው ተረኛ የሚሆነውን ሙዚቃ በኖታ ትጽፋለች። ትንሿ ሜሪ እንደዚያች ሴት ለመሆን ያን ቀን ወሰነች። በብሉዝ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ሎቪ የምታገኘው ቦታ አንድ አንቀጽ ቢበዛ ነው፤ ለእኔ ይህ ግፍ ነው።

✦ ቤሲ ስሚዝ በጃንዋሪ 1925 «ሴንት ሉዊስ ብሉዝ»ን ስትቀዳ ያጀቧት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ሉዊ አርምስትሮንግ ከነኮርኔቱ። ሌላው ፍሬድ ሎንግሾው፣ በእግር እየተረገጠ አየር የሚሞላ ሃርሞኒየም ይዞ፤ ያ በገጠር ጸሎት ቤቶች የሚገኘው ዓይነት። ከሥር የሚጎተተው የሃርሞኒየሙ ድምፅ፣ ከላይ የቤሲ ድምፅ፣ በመካከል ቃሏን እየተቀበለ የሚመልስላት ኮርኔት። ጆሮ ያለው ሰው ሦስቱን ደቂቃ አንድ ጊዜ ቢሰማ ጊታር የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም።

✦ ኤሌክትሪክ ወደ ብሉዝ የገባው በጊታር ሳይሆን በማይክሮፎን መሆኑን ያውቁ ኖሯል? እስከ 1925 ድረስ ዘፋኝም ሙዚቀኛም የሚጮኸው እንደ መለከት በሰፋ ቀንድ ውስጥ ነበር፤ የድምፁ ግፊት ራሱ መርፌውን እየገፋ ሰሙ ላይ መስመር ይቀርጻል። ትልቅ ከበሮ መርፌውን ስለሚያዘልለው ከስቱዲዮ ይባረራል። ማይክሮፎን ሲመጣ ነገሩ ተቀየረ። ኮሎምቢያ ኩባንያ በሜይ 1925 ቤሲን በአዲሱ ዘዴ ሊቀዳ ሲዘጋጅ መሐንዲሶቹ ክፍሉ ሰፍቶ ድምፅ እንዳያስተጋባ ብለው ከጣሪያው ትልቅ ድንኳን አንጠለጠሉ። ቤሲ፣ ሙዚቀኞቹ፣ ማይክሮፎኑ፣ ሁሉም ድንኳኑ ሥር ገቡ። ቀረጻው እየተካሄደ ሳለ ድንኳኑ ተንዶ ላያቸው ላይ ወደቀ። ከጨርቅ ሥር እየዳኸች የወጣችው ቤሲ ምን እንዳለች መገመት ይቻላል፤ አፏ ለማንም የማይመለስ ሴት ነበረች።

✦ ማይክሮፎን የጠቀመው ለሚጮኸው ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ይበልጥ የጠቀመው ለሚያንሾካሹከው ነው። ሌሮይ ካር ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ በ1928 «ሃው ሎንግ፣ ሃው ሎንግ ብሉዝ»ን ሲቀዳ እንደ ቤሲ የድንኳን ጣሪያ የሚያነሳ ድምፅ አልነበረውም። ፒያኖው ላይ ደገፍ ብሎ፣ ለአጠገቡ ሰው የሚያወራ ያህል ነው የዘፈነው። አብሮት ስክራፐር ብላክዌል ጊታር ይጫወታል፤ መሪው ግን ፒያኖ ነው። ሸክላው ገበያውን አጥለቀለቀው፤ ሮበርት ጆንሰንን ጨምሮ ብዙ የደቡብ ጊታሪስቶች ከዚህ ፒያኒስት ቀድተዋል። ካር በ1935 ሲሞት ገና 30 ዓመት ገደማው ነበር፤ የገደለው መጠጥ ነው።

✦ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የታጀበ ብሉዝም አለ። ቪክተር ኩባንያ በካምደን፣ ኒው ጀርሲ አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ገዝቶ ስቱዲዮ አድርጎት ነበር፤ ባለ ቱቦው ኦርጋን ከሕንፃው ጋር ቀርቷል። በ1927 አልበርታ ሃንተር እዚያ «ቢል ስትሪት ብሉዝ»ን ስትዘፍን ኦርጋኑ ላይ የተቀመጠው ፋትስ ዎለር ነው፤ የሰባኪ ልጅ።

✦ የሰባኪ ልጅ ካልንማ ደብልዩ ሲ ሃንዲን እናንሳ። ልጅ ሳለ ሳንቲም አጠራቅሞ ጊታር ገዝቶ ቤት ይገባል። ሰባኪው አባቱ የሰይጣን ዕቃ ከቤቴ ይውጣ አሉና ሱቅ መልሰው በመዝገበ ቃላት አስለወጡት! ልጁ አድጎ ኮርኔት ነፊና የባንድ መሪ ሆነ። በ1903 ገደማ በሚሲሲፒዋ ታትዋይለር ጣቢያ የዘገየ ባቡር ሲጠብቅ አንድ ልብሱ የተቀደደ ሰው የጊታር ክር ላይ ቢላዋ እያንሸራተተ ሲጫወት ሰማ፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ሙዚቃ ሰምቶ እንደማያውቅ በኋላ ጽፏል። በ1912 «ሜምፊስ ብሉዝ»ን በኖታ አሳተመ፤ መብቱን በ50 ዶላር ሸጠና ሌሎች በለጸጉበት። በ1914 «ሴንት ሉዊስ ብሉዝ»ን ሲጽፍ ግን የኅትመት ቤቱ ባለቤት ራሱ ነበር። የተማረ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚሞኘው።

✦ የብዙ ሚሲሲፒ ጊታሪስቶች የመጀመሪያ መሣሪያ የቤታቸው ግድግዳ ነው። ከመጥረጊያ ላይ ሽቦ ይፈታል፤ ሁለት ምስማር ግድግዳው ላይ ይመታል፤ ሽቦው በምስማሮቹ መካከል ይወጠራል፤ ከሥሩ ጠርሙስ ወይም ድንጋይ ይሸጎጥና ይጠብቃል። በአንድ እጅ ሽቦውን እየነካኩ በሌላው ጠርሙስ ያንሸራትቱበታል። ዲድሊ ቦው ይባላል። ቤቱ ራሱ የመሣሪያው ሆድ ስለሆነ ከውስጥ ለተኛ ሰው የሚሰማው ምን እንደሚመስል አስቡት። በአንድ ክር የሰው ድምፅ ማስመሰል ለማሲንቆ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ እዚያ ደጋን የለም።

✦ አሁን ወደ ገንቦው። ያ ውስኪ የሚጠራቀምበት ባለ ጆሮ የሸክላ ዕቃ በሉዊቪልና በሜምፊስ ጎዳናዎች ላይ የባስ መሣሪያ ነበር። ነፊው አፉን ከገንቦው አፍ ጋር አያገናኝም። ትንሽ ራቅ አድርጎ ይይዝና እንደ ጥሩምባ ነፊ ከንፈሩን ያርገበግባል፤ ገንቦው ድምፁን ተቀብሎ ያጎላዋል። ከንፈር ሲጠብቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲላላ ይወፍራል። ባስ ቫዮሊን የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ሰው በባዶ ዕቃ ያንኑ ሥራ ሠራ። በሸክላ የመጀመሪያው የገንቦ ባንድ የተቀዳው በ1924 ነው፤ ድምፃዊቷ ሳራ ማርቲን፣ ተጫዋቾቹ የሉዊቪል ሰዎች። የሉዊቪሎቹን ሸክላ የሰማው የሜምፊሱ ዊል ሼድ የራሱን ቡድን አቋቋመና በፌብሩዋሪ 1927 ቪክተር ቀዳው። ሜምፊስ ጃግ ባንድ የሚባለው እሱ ነው፤ ሃርሞኒካ፣ ካዙ፣ ጊታር፣ ገንቦ፣ አንዳንዴም ከሳፋና ከመጥረጊያ እንጨት የተሠራ ባስ። ሕዝቡ የሚጨፍርበት፣ የሚስቅበት ብሉዝ ነው። ብሉዝ ሁሉ ለቅሶ ነው የሚል ሰው ካለ አንድ ሸክላ ይጋበዝልኝ።

✦ የነሱ ተቀናቃኝ ጋስ ካነን ነበር። የባርነት ዘመን ሰዎች ልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ባንጆውን የሠራው ከመጥበሻና ራኩን ከሚባል አውሬ ቆዳ ነው። ባንጆ ራሱ ሥሩ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ በሴኔጋልና በጋምቢያ ያሉ የጆላ ሰዎች ዛሬም የሚጫወቱት አኮንቲንግ የቅርብ ዘመዱ ነው። ካነን ሁለት እጁ በባንጆ ስለተያዘ ገንቦውን በሽቦ አንገቱ ላይ አስሮት ይነፋል። በ1929 «ዎክ ራይት ኢን»ን ቀዳ፤ ከዚያ ዘመኑ አለፈና ተረሳ። በ1963 ሩፍቶፕ ሲንገርስ የተባሉ ነጭ ወጣቶች ዘፈኑን አንስተው በአሜሪካ አንደኛ አደረጉት። ሽማግሌው ያኔ 80 ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ለማሞቂያ የሚሆን ገንዘብ አጥቶ ባንጆውን አስይዞ ነበር።

✦ ልብስ የሚታሽበት ባለ ሸንተረር ቆርቆሮ፣ ጣት ላይ የሚጠለቅ የስፌት ቆብ፣ አለቀ፤ ይህ ከበሮ ነው። ዋሽቦርድ ሳም የሚባለው የቺካጎ ዘፋኝ ቆርቆሮው ላይ የላም ቃጭልና ከግራሞፎን የተነቀለ የብረት ሳህን ጨምሮበት በ1930ዎቹ በደንብ ከሚሸጡት አንዱ ሆኗል።

✦ ሃርሞኒካን ጀርመኖች ሲሠሩት ሐሳባቸው ማርሽና የቤተሰብ ዘፈን ነበር። ሆነር ኩባንያ በ1896 «ማሪን ባንድ»ን አወጣ፤ ርካሽ፣ ኪስ የሚገባ። ጥቁር አሜሪካውያን ይዘው ገለበጡት። በሲ የተቃኘውን ሃርሞኒካ በጂ ይጫወቱታል፤ ማለትም ዋናው ድምፅ የሚገኘው ሲነፉ ሳይሆን ሲስቡ ነው። ሲስቡ ደግሞ ምላስንና ጉሮሮን በማስተካከል ድምፁን ወደ ታች ማጠፍ ይቻላል። ያ የሚያለቅሰው የሃርሞኒካ ድምፅ ፋብሪካው ያላሰበው ነው።

✦ የካንትሪ ሙዚቃ ትልቁ መድረክ ግራንድ ኦል ኦፕሪ ስሙን ያገኘው አንድ ጥቁር ሃርሞኒካ ተጫዋች ተጫውቶ እንደጨረሰ ነው። ዲፎርድ ቤይሊ ይባላል። በሦስት ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት ወደ አንድ ዓመት አልጋ ላይ ሲውል ከመስኮት ውጭ ያለውን ሲያዳምጥ ነው ያሳለፈው፤ ባቡር፣ ውሻ፣ ዶሮ፣ ነፋስ። ከዚያ ሁሉንም በሃርሞኒካ አወጣቸው። በዲሴምበር 1927 ናሽቪል ውስጥ በቀጥታ ሥርጭት ባቡሩን «ፓን አሜሪካን ብሉዝ» ብሎ ሲጫወተው ከእሱ በፊት ኦፔራ ነክ ሙዚቃ ሲተላለፍ ነበርና አቅራቢው ጆርጅ ሄይ በዚያው እየቀለደ ለፕሮግራሙ ስሙን አወጣለት። በ1941 ቤይሊን አሰናበቱት። ቀሪ ዘመኑን ናሽቪል ውስጥ ጫማ አሳምሯል። ወደ ካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ የገባው በ2005 ነው፤ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ።

✦ ፒያኖ ድምፅ ማጠፍ አይችልም፤ ቁልፉ ወይ ነጭ ነው ወይ ጥቁር። የብሉዝ ፒያኒስቶች መላ አገኙ፤ ሁለት ጎረቤት ቁልፎችን አንድ ላይ ጨፍልቀው መካከላቸው ያለውን ድምፅ ለጆሮ ይተዉለታል። ግራ እጅ እንደ ባቡር ጎማ አንድ ነገር ይደጋግማል፣ ቀኝ እጅ እንደፈለገ ይዋኛል። ይህ ስልት በቴክሳስና በሉዊዚያና የእንጨት ቆራጮች ሰፈር፣ በርሜል ላይ መጠጥ በሚቀዳባቸው ቤቶች አደገ። ቡጊ ውጊ የሚለውን ስም ሸክላ ላይ ያሰፈረው ፓይንቶፕ ስሚዝ ነው፤ በዲሴምበር 1928 መጨረሻ ቀዳው፣ በማርች 1929 ቺካጎ ጭፈራ ቤት ውስጥ በጥይት ሞተ። ሚድ ላክስ ሉዊስ ደግሞ የባቡር ድምፅ የሚያስመስል ብሉዙን በ1927 ቀድቶ ተረሳ፤ ፕሮዲዩሰሩ ጆን ሃሞንድ ፈልጎ ሲያገኘው መኪና ሲያጥብ ነበር።

✦ ጂሚ ያንሲ ከሁሉም ይለያል። ቺካጎ ውስጥ ለዋይት ሶክስ የቤዝቦል ቡድን የሜዳ ሣር ሲንከባከብ ነው የኖረው። በየትኛውም ቅኝት ይጀምር፣ ሁልጊዜ የሚጨርሰው በኢ ፍላት ነው። ለምን? ፈለገዋ!

✦ ከጊታር በፊት የደቡብ ጥቁሮች የጭፈራ መሣሪያ ቫዮሊን ነበር። ሚሲሲፒ ሺክስ የተባለው የቻትመን ቤተሰብ ባንድ ለነጭም ለጥቁርም ሠርግ በቫዮሊን ይጠራ ነበር፤ በ1930 የቀዱት «ሲቲንግ ኦን ቶፕ ኦቭ ዘ ወርልድ» ከሃውሊን ዎልፍ እስከ ሮክ ባንዱ ክሪም ስንቱ ዘፍኖታል። ቢግ ቢል ብሩንዚ ልጅነቱን ያሳለፈው በሲጋር ሳጥን ቫዮሊን ነው። ሎኒ ጆንሰንም ቫዮሊኒስት ነበር። ሙዲ ዎተርስ እንኳ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ስቶቫል እርሻ ላይ የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው አለን ሎማክስ ሲቀዳው ቫዮሊን ያጀበው ቀረጻ አለው።

✦ በፈረንሳይኛ የተዘፈነ ብሉዝም አለ፤ በአኮርዲዮን። የሉዊዚያናው ክሪዮል አሜዴ አርድዋን በዲሴምበር 1929 ከነጩ ቫዮሊኒስት ዴኒስ መጊ ጋር ተቀምጦ ቀዳ፤ በዚያ ዘመን በዚያ አገር ሁለቱ አብረው መቀመጣቸው ራሱ ወሬ ነው። ድምፁ ከፍ ብሎ የሚያለቅስ፣ አኮርዲዮኑ ከሥር የሚረግጥ። በአካባቢው እንደሚተረከው አንድ ሌሊት ነጮች ቤት ሲጫወት ላቡን እንዲጠርግ አንዲት ነጭ ሴት መሐረብ ሰጠችው፤ መንገድ ላይ ጠብቀው ደበደቡት፤ ከዚያ በኋላ አእምሮው አልተመለሰም። በ1942 በመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል ሞተ። ዛይዴኮ የሚባለው የዛሬው የሉዊዚያና የአኮርዲዮን ሙዚቃ የሚነሳው ከእሱ ነው።

✦ ቴክሳሳዊው ሄንሪ ቶማስ፣ በ1874 የተወለደ፣ ጊታሩን በእጁ እየመታ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን የሸምበቆ ቱቦዎች ረድፍ ይነፋ ነበር። ከ1927 እስከ 1929 የቀዳቸው 23 ዘፈኖች ብሉዝ ብሉዝ ከመባሉ በፊት የነበረውን ያሰሙናል። በ1968 ካንድ ሂት የተባለው የሮክ ባንድ አንዱን ዜማ ከነሸምበቆ ክፍሉ ወስዶ በፍሉት ተጫወተውና «ጎይንግ አፕ ዘ ካንትሪ» አለው።

✦ በሰሜን ሚሲሲፒ ኮረብታዎች የተረፈ ሌላ ነገር አለ፤ ዋሽንትና ከበሮ። የወታደር ሰልፍ ሙዚቃ ነበር፤ በጥቁሮቹ እጅ ሲገባ ወገብ የሚያስነቀንቅ ሆነ። ዋሽንት ነፊው ኦተር ተርነር ሸምበቆውን ራሱ ይቆርጥ፣ ብረት እሳት ላይ ያግል፣ ቀዳዳዎቹን በጋለው ብረት እያጨሰ ይበሳ ነበር። በየዓመቱ ፍየል አሳርዶ ሰፈሩን ይጠራ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ አቧራ ውስጥ ጭፈራ ነው። ፊልም ሠሪው ማርቲን ስኮርሴዚ ሙዚቃውን በ2002 «ጋንግስ ኦቭ ኒው ዮርክ» ውስጥ አስገብቶታል። ኦተር በ2003 በ95 ዓመቱ ሲያርፍ በቀብሩ ሰልፍ ፊት ዋሽንቱን የነፋችው የልጅ ልጁ ሻርዴ ናት።

✦ ማ ሬይኒን፣ ብላይንድ ሌመንን፣ ቻርሊ ፓተንን፣ ስኪፕ ጄምስን የቀዳው ፓራማውንት የወንበር ፋብሪካ ልጅ ነው። ዊስኮንሲን ቼር ካምፓኒ የግራሞፎን ሣጥን ይሠራ ነበር፤ ሣጥኑ እንዲሸጥ ሸክላ ያስፈልጋል፤ ሸክላ ማተም ጀመረ። ለሸክላው የሚሆነው ሙጫ ላክ ከሚባል ነፍሳት የሚገኝ ነው፤ ፓራማውንት ግን ርካሹን ቅልቅል ነበር የሚጠቀመው። ዛሬ እነዚያን ቅጂዎች ስንሰማ ዝናብ የሚዘንብ የሚመስለን ለዚህ ነው። ኩባንያው ሲከስር የብረት ቅርጾቹ ለቁራሌው ተሸጡ። በ1931 ስኪፕ ጄምስ እዚያ ድረስ በባቡር ሄዶ 18 ዘፈን ቀድቷል፤ ከፊሉ በፒያኖ ነው፤ ከፒያኖው እኩል የሚሰማው የእግሩ ርግጫ ነው።

✦ ጊታር ሶኬት ከማግኘቱ በፊት ቆርቆሮ ለብሷል። በ1927 ናሽናል ኩባንያ የብረት ሆድና በውስጡ ሦስት የአሉሚኒየም ቀንዶች ያሉት ጊታር አወጣ፤ ያለ ኤሌክትሪክ የጭፈራ ቤት ጫጫታ የሚያሸንፍ። የብሉዝ ጊታሪስቱ ታምፓ ሬድ በ1928 ወርቅ የተቀባውን ገዛ።

✦ ብላይንድ ዊሊ ጆንሰን በዲሴምበር 1927 ዳላስ ውስጥ አንድ ቃል የሌለው ዜማ ቀዳ፤ ማንጎራጎርና በክር ላይ የሚንሸራተት ብረት ብቻ። ሃይማኖተኛ ሰው ስለነበር ብሉዝ ዘፋኝ ብትሉት ሳይቆጣ አይቀርም ነበር። ናሳ ዜማውን በ1977 በቮዬጀር መንኮራኩሮች ላይ ከባክና ከቤትሆቨን ጋር ልኮታል።

✦ የምዕራብ ጋዜጠኞች ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ማለት ይወዳሉ፤ የእማሆይ ፅጌማርያም ገብሩን ፒያኖም እንደዚያው። ጆሯቸውን አልፈርድበትም፤ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝትና ናፍቆት ሲገናኙ ይመሳሰላሉ። ዝምድናው ግን የደም አይደለም። የብሉዝ አያቶች የሚፈለጉት በምዕራብ አፍሪካ ነው፤ እማሆይ ደግሞ የተማሩት የአውሮፓ ክላሲካል ነው፣ ያደጉበትም ዜማ የያሬድ ነው።

✦ በ1959 አለን ሎማክስ በሚሲሲፒ እስር ቤት ግንድ የሚቆርጡ እስረኞችን ዘፈን ቀዳ። ማጀቢያው መጥረቢያ ነው፤ አንድ ላይ ይነሳል፣ አንድ ላይ ያርፋል፣ ድንገት የሳተ ሰው ራሱን ይጎዳልና ዘፈኑ ለደኅንነትም ነው። መሪው ጄምስ ካርተር ይባላል። ቀረጻው በ2000 በወጣው «ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?» ፊልም መግቢያ ላይ ገባ፤ የፊልሙ ሙዚቃ በሚሊዮን ተሸጠ። ካርተርን ፈልገው ቺካጎ አገኙትና የ20,000 ዶላር ቼክ አስረከቡት። ዘፈኑን መዝፈኑንም አያስታውስም ነበር። አልበሙ ከማይክል ጃክሰን በልጦ መሸጡን ሲነግሩት፣ እንዲደርስብኝ ትንሽ ዝግ እልለታለሁ በሉት ብሎ ቀለደ።

✦ የኤሌክትሪክ ጊታር በብሉዝ ሸክላ ላይ ከተሰማባቸው የመጀመሪያ ጊዜያት አንዱ ማርች 1 ቀን 1938 ነው፤ ቺካጎ፣ በቢግ ቢል ብሩንዚ ቀረጻ ላይ። ጊታሪስቱ ጆርጅ ባርንስ ነጭ ነው፤ ዕድሜው 16።

✦ ሙዲ ዎተርስ በ1958 እንግሊዝ ሲሄድ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ይዞ ወጣ። ከእሱ በፊት ብሩንዚ በተራ ጊታር ብቻውን እየዘፈነ ብሉዝ ማለት ይህ ነው ብሎ ያስለመዳቸው አድማጮች በጩኸቱ ደነገጡ፤ አንዳንድ ተቺዎችም አማረሩ። ሙዲ ትምህርቱን ያዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለስ ተራ ጊታር ይዞ መጣ። በመካከሉ የእንግሊዝ ወጣቶች የቺካጎ ሸክላ ሲሰሙ ከርመው ነበርና አሁን ደግሞ ኤሌክትሪኩ የታለ ብለው አኮረፉ።